የበቅሎዋ ዘይት

ሰፈሩ ሁሉ «ቀስበሉ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ጡረታውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕድሜውን የጨረሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው፤ በየፌርማታው በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ መስታወቱ ቀና ብሎ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ሳይል ተሳፋሪ አውርዶ አያውቅም። የቸኮለ ሰው ቀስ በል ሲሉት ደስ ስለማይለው የሚያጉረመርምበትም ነበር። እሱ ግን ከሱ አውቶቡስ ሲወርድ እግሩን ወለም ያለው ሰው እንደሌለ አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውንም ተረት ራሱ የፈጠረው ይመስል ነው የሚተርተው።

ከዚያ የዓይን ሐኪሙ ጉድ አደረገው። «ቅርቡን ደህና ያያሉ፤ ሩቁ ግን ከእንግዲህ አይመለስም። መንገድ ላይ መንዳት ይብቃዎት» አለው። ቀስበሉ አልተከራከረም። በማግስቱ ሄዶ መንጃ ፈቃዱን አስረከበና እንደ ማንም ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲወርድ ወጣቱ ሹፌር ምንም አላለውም፤ እንዲያውም ሁለተኛው እግሩ መሬት ሳይነካ በሩ ተዘጋ። ይህችን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳትም።

የሚቀጥሉት ወራት ለሚስቱም ቀላል አልነበሩም። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል መስኮት ሥር ተተክላለች። ቀስበሉ ሥራ ሲፈታ ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል። እሷ መኪናውን ስታስሮጥ እሱ በቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን መያዙ ነው። የእጅጌ መጋጠሚያ ላይ ስትደርስና ስፌቱ ሲጠመዘዝ ደግሞ «ቀስ በይ» ይላታል።

«እኔ ተሳፋሪ አልጫንኩም» ትለዋለች ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

«ቢሆንም።»

«አንተ ሰው፣ ወይ የሚነዳ ነገር ፈልግ፣ ወይ ከአጠገቤ ተነስ።»

የሚነዳው ነገር ተገኘ። የሚኖሩበት ግቢ ሰፊ ነው፤ ጥቂት ቤቶች አንድ ሜዳ ይጋራሉ። ሜዳው ከቤቶቹ ፊት ለጥ ብሎ ይጀምርና ወደ ዳገት ይወጣል፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ በውሃ ታንከሩ ዙሪያ፣ ሌላ ሜዳ አለ። ሣሩን ያጭድ የነበረው ሰውዬ ሰፈር ሲቀይር ቀስበሉ «እኔ አለሁ» አለ። ግቢ ውስጥ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ላይ ሣር የምታጭድ ትንሽ ትራክተር ገዛ።

ትራክተሯ ብዙ ያየች ናት። ቀይ የነበረው ቀለሟ ፀሐይ በልቶት ሮዝ ሆኗል፤ የሠራት ኩባንያ ስም ከጎኗ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ጥቁሩ የፕላስቲክ መቀመጫዋ ተተርትሮ የልብስ ሰፊዋ ክር ነው የሰበሰበው። ጎረቤታቸው የቧንቧ ሠራተኛው ዙሪያዋን ዞሮ አያትና «ጋሼ፣ የማን ሥሪት ናት?» ብሎ ጠየቀው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አለው ቀስበሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ በቅሎ ሆኖ ቀረ።

ሻጩ ያመጣት ዕለት ለባልና ሚስቱ አንድ ነገር አሳይቷቸው ነበር። ከኋላዋ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጣት የምታህል የብረት ዘንግ አለች። ዘንጓ ወደ ውጭ ስትሳብ ካምቢዮው ጎማውን ይለቀዋል፤ ያኔ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በቅሎዋን በእጅ መግፋት ይቻላል። «ቀጭ» እስክትል ወደ ውስጥ ስትገፋ ደግሞ ካምቢዮው መልሶ ይይዛል። ስለ ካምቢዮው ዘይት ሲጠየቅ ሻጩ «እሱ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም» ብሎ ሄደ። የማን ዕድሜ ልክ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ዓመቱ በደስታ አለፈ። ቀስበሉ ጠዋት ጠዋት ያጭዳል። ምሳ ሰዓት ላይ በቅሎዋን ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ያቆማትና በልቶ ጋደም ይላል። ግድግዳው ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ትልቅ ዛፍ አለ። እንቅልፉን ጠግቦ ሲወጣ በቅሎዋን ከዚያው ከግድግዳው ጥግ፣ የዛፉ ጥላ በላይዋ ላይ ወድቆ፣ መቀመጫዋ ቀዝቅዞ ያገኛታል። ያ ጥቁር መቀመጫ ፀሐይ ከመታው ሱሪ አልፎ ይጠብሳል፤ እሱን ግን አንድም ቀን ጠብሶት አያውቅም።

«ሹፌር ማለት» ይለዋል ለቧንቧ ሠራተኛው ሻይ እየጠጡ፣ «አሁን ያለውን ጥላ የሚያይ አይደለም። እሱንማ ማንም ያያል። ሹፌር ማለት ተኝቶ እስኪነሳ የሚመጣውን ጥላ አስቀድሞ የሚያውቅ ነው።»

ሚስቱ ሻይ እየጨመረችላቸው «እውነቱን ነው» ትላለች።

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን በቅሎዋ መለገም ጀመረች። ሜዳው ላይ እንደ ነገሩ ትሄዳለች። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ሞተሩ እየጮኸ ጎማዋ ቀጥ ይላል፤ ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች። ቀስበሉ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዘውን ቺንጋ አየ፤ ደህና ነው። ጎማዎቹን ነፋ፤ ለውጥ የለም። የላይኛው ሜዳ ሣር ሳይታጨድ ከረመ።

የነዋሪዎቹ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ናቸው፤ ሰው ማስቀየም አይሆንላቸውም። አንድ ጠዋት ሜዳው መሀል ድረስ መጥተው አነጋገሩት።

«ላይኛው ሜዳ ሣሩ ጉልበት አለፈ። እናቶች እባብ ይገባበታል ብለው ልጆቻቸውን እየከለከሉ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልታጨደ ሌላ ማሽን ያለው ሰው ልናመጣ ነው የተስማማነው። በእውነቱ እርስዎም ይረፉ እንጂ፣ ደከሙ።»

«እሺ» አለ ቀስበሉ። ቤቱ ሲገባ ግን ለሚስቱ «ያረፈ ሰው የት እንደሚተኛ አውቃለሁ» አላት።

የሣር ጉዳይ እንዳልሆነ እሷም ገብቷታል። በቅሎዋ ከሞተች ሌላ የሚነዳው ነገር የለም። ወደዚያች ወንበር ይመለሳል፤ ወለል እየረገጠ ፍሬን መያዝ ይሆናል ኑሮው።

ሁለት ቀን ሲያስብ ዋለና ዘይቱን ሊቀይር ወሰነ። የቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ ሻዩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ተው። የአሮጌ ካምቢዮ ዘይት አይነካም። ያ አሮጌ ዘይት ነው እንደምንም ይዟት ያለው። አዲስ የገባባት ዕለት ትሞትብሃለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።»

«ይሄን ወሬ ያመጡት እነማን መሰሉህ? ካምቢዮው ሊሞት ሲል ዘይት የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ሲሞት ዘይቱ ገደለው ይላሉ። ሐኪም ቤት የሄደ ሁሉ ሐኪም ገደለው እንደማለት ነው።»

«እኔ ነግሬሃለሁ።»

«አንተ ቧንቧህን ጠብቅ።»

ሐሙስ ጠዋት አዲስ ዘይትና አዲስ ፊልትሮ ይዞ ግድግዳው ጥግ ተንበረከከ። መጀመሪያ በቅሎዋን ሜዳው ላይ ዞር ዞር አድርጎ ዘይቷን አሞቀው፤ የቀዘቀዘ ዘይት ቆሻሻውን ትቶ ነው የሚወርደው። ከዚያ የፊልትሮዋን ዙሪያ በብሩሽ ጠረገ። ሚስቱ ወንበር አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«መቀስ አቀብይኝ፤ የዚህን ጠርሙስ አንገት ቆርጬ ዘይት ማፍሰሻ ላድርገው።»

«የጨርቅ መቀሴን? ፕላስቲክ ልትቆርጥበት?»

«አንዴ ነው።»

«አንዴ ነው ያለ ሁሉ መቀሴን አደንዝዞ ነው የሄደው።» ገብታ የወጥ ቤቱን መቀስ አመጣችለት። በሌላ እጇ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ይዛለች። «መጥረጊያህን ጣለው፤ ይራገፋል፣ ክሩ ይገባብሃል። ይሄኛው አይራገፍም።»

እውነቷን ነበር። ፊልትሮው ሲፈታ ዘይቱ ከሥር ባስቀመጠው ባሊ ውስጥ ወረደ። ጥቁር ሆኖ ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ወጣ። ቀስበሉ ጣቱን ነክሮ አሸት አሸት አደረገው።

«ውሃ ገብቶበታል። ስታጠብ ነው። እኔው ነኝ፣ በየሳምንቱ ቱቦ ይዤ ሽቅብ ቁልቁል ስረጭባት።»

«ንጹሕ በቅሎ ናት ስትል ከርመህ።»

«እንዲህ ያለ ዘይት ምን ይገፋል? የዚህች ጉልበት ማርሽ አይደለም፣ ዘይቱ ነው። ሞተሩ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ጎማውን ይገፋል። ዘይቱ ውሃ ከሆነ ማን ማንን ይገፋል?»

የሚያስፈራው ግን ውሃው አልነበረም። ባሊው ሥር ብረት ካለ፣ ስንጥርና ስባሪ ከወጣ፣ ካምቢዮው ራሱን እየበላ ነው ማለት ነው፤ ያኔ አዲስ ዘይትም አያድነውም። ሚስቱ ነጩን ጨርቅ ሌላ ባሊ አፍ ላይ ወጥራ ያዘችለት፤ እሱ አሮጌውን ዘይት በቀስታ አፈሰሰበት። ከዚያ ጨርቁን ወደ ብርሃን አወጡት። ቀስበሉ አጎንብሶ ማየት ፈራ። ቀና ብሎ እሷን አየ። እሷ በአውራ ጣቷ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ያ ጣት የተሳሳተ ስፌት በጨለማ የሚያገኝ ጣት ነው።

«ዱቄት ነው» አለች። «ግራጫ ዱቄት። የሚወጋ ነገር የለውም።»

«አሁንም እይው።»

«አየሁት አልኩህ። ስባሪ የለም።»

 ቀስበሉ አዲሱን ፊልትሮ የጎማ ቀለበቱ ላይ ዘይት ቀብቶ በእጁ አጠበቀው። ዘይቱን በተቆረጠው ጠርሙስ በኩል እያንጠባጠበ ሞላ። በዚህ መሀል ቀሚስ የምትለካ ደንበኛ መጣችና ሚስቱ ወደ ውስጥ ገባች፤ የቀረውን ብቻውን ሠራው።

የቀረው ነፋስ ማስወጣት ነው። ዘይት ሲቀየር ካምቢዮው ሆድ ውስጥ ነፋስ ይቀራል፤ ጠጥቶ እንዳላገሳ ሕፃን ካልወጣለት ሰላም የለውም። የኋላ ጎማዎቿን በክሪክ አነሳ፣ ዘንጓን ወደ ውጭ ሳበ፣ ሞተሩን ቀስ ባለ ዙር አስነስቶ ፔዳሉን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ረገጠ። ሞተሩን አጥፍቶ ዘንጓን በመዳፉ ገፋት፤ አስቸገረችው፣ በጉልበት ሲጫናት «ቀጭ» አለች። እንደገና አስነሳና ያንኑ ደገመው። መጀመሪያ ላይ የሚያጉረመርመው ካምቢዮ ቀስ በቀስ ድምፁን ቀነሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። የጎደለውን ዘይት ጨመረላት።

ከክሪኩ አውርዶ ወጣባት። ዳገቱን ተያያዘችው። ሳትንሸራተት ታንከሩ አጠገብ ደረሰች። እላይ ሜዳ ላይ ጉልበት ያለፈውን ሣር ሰንጥቃ ሁለት ሦስት መስመር አጨደች። ምሳ ሲደርስ ወረደ፣ እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር አቆማት፣ ከወትሮው አብልጦ በላ፣ ተኛ።

ሲነሳ በቅሎዋ ጥላ ሥር ነበረች። ቀዝቃዛው መቀመጫ ላይ ጉብ ብሎ፣ ፉጨቱን እያፏጨ፣ የቀረውን ሊያጭድ ወጣ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማዋ ቆመ። ቀስበሉ መጀመሪያ አላመነም። ፔዳሉን ለቆ ደግሞ ረገጠው። በቅሎዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

ወርዶ ሥሯን አየ፤ የሚያንጠባጥብ የለም። የዘይቷን ልክ አየ፤ ሙሉ ነው። ፊልትሮውን ነካ፤ ጠብቋል። ዘንጓን ለማየት እንኳ አላሰበም፤ «ቀጭ» እስክትል በመዳፉ የገፋት እሱ ራሱ ነው፣ ከሱ ሌላ ደግሞ በቅሎዋን የሚነካ ሰው የለም። በቀስታ እየነዳ ወደ ሜዳው መለሳትና ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

የቧንቧ ሠራተኛው አመሻሹ ላይ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጓደኛ ነውና ደስ ብሎት አልተናገረም።

«ብዬህ ነበር፣ ጋሼ።»

«ብለኸኝ ነበር።»

«የማውቀው አሮጌ ብረት ነጋዴ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በመኪናው ይመጣና ይወስድልሃል። ከዓይንህ ትጥፋልህ፤ ባየሃት ቁጥር ከምትናደድ።»

ቀስበሉ አንድ ሣር ነቅሎ «ጥራው» አለ።

ለሚስቱ ሲነግራት መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ክሩን ትታ መርፌውን ደረቷ ላይ ሰካችው።

«ወንበርህን አጠገቤ አደርግልሃለሁ» አለችው። «ፍሬኑንም ያዝ፣ ምንም አልልህም።»

ከሁሉ የባሰችበት ይህች ደግነት ነበረች። እስከ ዛሬ ተነስ ስትለው ኖራ አሁን ተቀመጥ ስትለው፣ ነገሩ በእርግጥ ማለቁ ገባው።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ስላልነበረው በቅሎዋን በደረቅ ጨርቅ ሲወለውል አረፈደ። ለብረት ነጋዴም ቢሆን ቆሻሻ አሳልፎ አይሰጥም። ሲጨርስ ጠራራው ፀሐይ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ትቷት ገባ። ምሳውን ነካ ነካ አድርጎ ተወውና አልጋው ላይ ጋደም አለ። እንቅልፍ ግን አልመጣም። የልብስ መኪናው ከማዶ ክፍል ሲሮጥ ይሰማዋል። ከዚያ መኪናው ቆመ፤ የጓሮው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ነጠላ ጫማ መሬቱን ሲጎትት ሰማ።

ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። ቅርቡን ለማየት ዓይኑ አይቸገርም። ሚስቱ ናት፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ መርፌዎቿ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ ናቸው። ወደ መስኮቱ ስትዞር ቶሎ ብሎ ተኛ። ደግሞ ቀና አለ። ከበቅሎዋ በስተኋላ አጎነበሰች፣ ዘንጓን በሁለት እጇ ሳበች፣ ከዚያ ትከሻዋን የመቀመጫው መደገፊያ ላይ አድርጋ ገፋች። መሬቱ ወደ ዛፉ ትንሽ ያዘነብላል፤ በቅሎዋ ግድግዳውን ታክካ በዝግታ ተንከባለለችና የዛፉ ጥላ ውስጥ ገባች። ሚስቱ ወገቧን ይዛ አረፍ አለች። በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ዘንጓን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገቻት፤ ዘንጓ መሀል ላይ ስትቆምባት የገባች መስሏት ተወቻት። «ቀጭ» የሚል ነገር አልተሰማም። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ መቀመጫውን ጠረገችና ገባች። የልብስ መኪናው ሩጫውን ቀጠለ።

ሰው መቼም ቀድሞ የሚያመው ኩራቱ ነው። ቀስበሉ መጀመሪያ ያሰበው ካምቢዮውን አልነበረም፤ ጥላውን ነው። ዓመት ሙሉ ሲመጻደቅበት የኖረው ጥላ! ለቧንቧ ሠራተኛው ስለ ሹፌርነት ሲሰብክ፣ እሷ ሻይ እየቀዳች «እውነቱን ነው» ስትል። ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ሌላው ነገር ገባው፤ ዘንጓ፤ በእጥበቱ ውሃ ሰሞኑን ዝገት ይዟት በመዳፉ እንኳ ስታስቸግረው፤ በነጠላ ጫማ እንዴት ትገባለች? ገና መሀል ላይ ነች፤ ዘይቱ ግማሹ እየገፋ ግማሹ በባዶ እየዞረ ነው። በቅሎዋ አልሞተችም ማለት ነው። ከአልጋው ሊዘል ሲል ደግሞ ሦስተኛው ነገር መጥቶ መልሶ አስቀመጠው። ነገ ብረት ነጋዴ የሚወስዳት ማሽን፣ ማንም የማይቀመጥባት፣ መቀመጫዋ ቢግል ማንን ያቃጥላል? ይህን እያወቀች ሥራዋን ትታ ወጣች። ምናልባት ማታ ወጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጥባት ይሆናል ብላ ነው። ቀስበሉ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሚስቱን ይወዳታል፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንደዚያን ቀን የወደደበትን ቀን ግን አያስታውስም።

እንደነቃ ሰው እያዛጋ ወጣ። ተንበርክኮ ዘንጓን በመዳፉ ተጫናት። «ቀጭ» አለች። አስነሳና ዳገቱን ወጣ፣ ታንከሩን ዞረ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ሲመለስ ሚስቱ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታለች።

«ተነሳች?»

«ተነሳች።»

«ምን ነክቷት ነበር?»

ቀስበሉ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያውቃታል። አንድ ጊዜ የደንበኛ ሐር በካውያ አቃጥላ ዛሬም ድረስ ያቺ ደንበኛ በመንገድ ስታልፍ አንገቷን ትደፋለች። በቅሎዋን ልገድላት ነበር ብላ ካሰበች ዳግመኛ አትነካትም።

«ነፋስ ነው» አላት። «ሆዷ ውስጥ የቀረ ነፋስ ነበር። ወጣላት።»

«እሰይ» አለች፤ ወዲያው ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ መኪናው ትንሽ አብዝቶ ሮጠ፤ እሱም ቀስ በይ አላላትም።

ከሰዓቱን ሙሉ ዘንጓን ሲሠራ ዋለ። ፈቶ አወጣት፣ ዝገቷን በብረት ብሩሽ ፈገፈገ፣ የምትያዝበትን ጥርስ በሞረድ አለሰለሰ፣ ግሪስ ቀብቶ መለሳት። በመዳፉ ሲሞክራት ገባች። በመዳፍ መግባቷ ግን ምንም አይጠቅመውም። በሩ ላይ የወለቀውን የሚስቱን ነጠላ ጫማ አንስቶ፣ እግሩ ስለማይገባበት በእጁ አጥልቆ፣ በጫፉ ገፋ አደረጋት። ግማሽ ድረስ ሄደች። ደግሞ ሞረደ፣ ደግሞ ሞከረ። የቧንቧ ሠራተኛው የደረሰው ጋሼው የሴት ጫማ በእጁ አጥልቆ በቅሎዋን ከኋላዋ ሲኮረኩር ነው።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?»

«ብረት ነጋዴህን አትምጣ በለው።»

«ተነሳች? ዘይቱ አልገደላትም?»

«ዘይቱ እስኪዋሃዳት ነው። አንተም ሰው ለመቅበር አትቸኩል፣ ቀስ በል።»

የቧንቧ ሠራተኛው ጫማውን አየ፣ ዘንጓን አየ፣ ሊጠይቅ አሰበና ተወው። ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ቀስበሉ በነጠላ ጫማው ጫፍ ዘንጓን ነካ አደረጋት፤ «ቀጭ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት የላይኛው ሜዳ ታጨደ። ሣሩ ረጅም ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የተኬደበት፣ አንዴ ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ዝቅ አድርጎ። የቧንቧ ሠራተኛው ከታች ሆኖ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!» እያለ ይቀልዳል። ሊቀመንበሯ ቀስ እያሉ ዳገቱን ወጥተው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩ።

«እንዲያው ይረፉ ብዬ አስቀየምኩዎት ይሆን?»

«ምንም አይደል። ሲመሽ አርፋለሁ።»

ምሳ ሲደርስ ወረደ። ግድግዳው ጥግ ሲደርስ በቅሎዋን አቁሞ ትንሽ አሰበ። ጥላው ኋላ የት እንደሚወድቅ አሁን በደንብ ያውቃል፤ እዚያው አቁሞ ሚስቱን ከመግፋት ማዳን ይችላል። እንዲያ ካደረገ ግን እንዳያት ታውቃለች፤ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ከአውቶቡስ ከወረደ ወዲህ እሱን ቀስ በል የሚል ሰው ያለ አይመስለውም ነበር፤ ለካ በየቀኑ ተኝቶ ሳለ ሲባል ኖሯል። ከልማዱ ትንሽ ወደ ዛፉ ቀረብ አድርጎ፣ ብዙ እንዳትለፋ፣ ግን ፀሐዩ ላይ አቆማት።

በላና አልጋው ላይ ጋደም አለ። የልብስ መኪናው ቆመ። የጓሮው በር ተከፈተ። የነጠላ ጫማው ድምፅ መጣ፣ ከዚያ የመግፋት ትንፋሽ፣ ከዚያ የጎማ መንከባለል።

«ቀስ በይ» አለ ቀስበሉ በሹክሹክታ።

ከደጅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወደ ግድግዳው ዞረና ተኛ።